«እግዚአብሔር አለልሽ» ካልን በኋላ

ብቸኝነትን የነጮች በሽታ አድርገን ስናየው ኖረናል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ስትሾም፣ ጃፓንም በ2021 ስትከተላት፣ ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው እንደ ቀልድ ነበር። ጎረቤት ላለው ሰው ሚኒስትር ምን ይሠራለታል? ቡና ሲፈላ የሚጠራራ፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ሕዝብ ነን። ብቸኝነት በየት በኩል ይገባብናል?

የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ግን ቀልዱን የሚያስቆም ነው። በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት ይሠቃያል። ከብቸኝነት ጋር የተያያዘው ሞት በዓመት 871 ሺህ ገደማ እንደሚሆን ይገመታል፤ በየሰዓቱ መቶ ሰው ማለት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ቁጥር ነው። በድሃ አገሮች ብቸኝነት ይሰማኛል የሚለው ሰው 24 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በሀብታሞቹ አገሮች 11 በመቶ ገደማ ነው። እጥፍ! የሳቅነው እኛ፣ የታመምነውም እኛ።

ዙሪያችንን ካየን ለማመን አይከብድም። ልጆቹን ሁሉ ወደ ውጭ ልኮ በየወሩ ብር የሚደርሰው፣ አብሮት እንጀራ የሚቆርስ ግን ያጣ አባት አለ። ከጦርነት ሸሽታ በማታውቀው ከተማ አንዲት ክፍል የተከራየች እናት አለች። ቀኑን ሙሉ በታክሲ ሰልፍ ከሰው ጋር ሲጋፋ ውሎ ማታ የቆርቆሮ በሩን ከውስጥ የሚቀረቅር ወጣት አለ። ሦስቱም ሰው አላነሳቸውም። የጎደላቸው ቢቀሩ «ምነው ቀረ?» የሚል ሰው ነው።

ዛሬ መናገር የምፈልገው ለእነዚህ ሰዎች የክርስትና እምነት ምን እንደሚሰጣቸው ነው። በሌሎች እምነቶች ውስጥ ያለውን መጽናኛ አላናንቅም፤ እሱን የሚያውቁት ይጻፉት። እኔ የማውቀው ይህንን ቤት ነው፤ የምወቅሰውም ስለማውቀው ነው።

ለብቸኛ ሰው የምንሰጠው መጽናኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኗል፦ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር አለልሽ።» ሐሰት ነው አልልም። አማኝ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ችግሩ ይህን ተናግረን ስንነሣ፣ ጫማችንን አድርገን በሩን ስንዘጋ፣ ሥራችንን የጨረስን መምሰላችን ነው። ዓረፍተ ነገሩ የእኛን ከቤት መውጣት የሚያቀልል ሰበብ ሆኗል። እኔ አልችልም፣ እሱ አለልሽ፣ ደኅና ዋይ።

ከካዛንቺስ የተነሡ አንዲት እናት አውቃለሁ። ስማቸውን አልጽፍም። አርባ ዓመት ገደማ ከኖሩበት የቀበሌ ቤት በ2017 ተነሥተው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ቤቱ ከበፊቱ ይሻላል፤ እሳቸውም አይክዱም። ጣሪያው አያፈስም፣ መጸዳጃ ቤቱ የራሳቸው ነው፣ ውኃ በመጣ ቀን ከራሳቸው ቧንቧ ይቀዳሉ። ግን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ የሰባ ዓመት ሴት ጉልበት ነው። በየወሩ በ21 ቀን የሚጠጡት የማርያም ማኅበር አባላቱ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ገላን ጉራ የገባ አለ፣ ልጁ ጋ የተጠጋ አለ፣ የት እንደደረሰ ያልታወቀም አለ። ልጃቸው ከውጭ ትልቅ ቴሌቪዥን ልካላቸዋለች። እሑድ እሑድ ቅዳሴውን በእሱ ይከታተላሉ። ካህኑ ሰላምታ ሲሰጥ ለቴሌቪዥኑ እጅ ነሥተው ይመልሳሉ። «አሁን ብሞት ጥሩምባውን ማን ይሰማል?» አሉኝና ሳቁ። የእድራቸው ጥሩምባ ነፊ አሁንም ያለው፣ ካለ፣ እዚያው ድሮ ሰፈር ነው።

እኚህ ሴት እምነት የጎደላቸው አይደሉም። እንዲያውም ከምናውቃቸው ሰባኪዎች አብዛኞቹን በጸሎት ያስከነዳሉ። ለእሳቸው «እግዚአብሔር አለልዎ» ማለት ለዓሣ ስለ ውኃ ማስተማር ነው። ያጡት እግዚአብሔርን ሳይሆን የእሱን ሰዎች ነው። በክርስትና ደግሞ እነዚህ ሁለቱ በቀላሉ የሚነጣጠሉ አይደሉም።

አንድ ቦታ ብቻ ላሳይ። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ አራተኛው ምዕራፍ። ሽማግሌው ሐዋርያ እስር ቤት ነው፤ መሞቻው እንደደረሰ ያውቃል። በመጀመሪያው ሙግቱ ማንም እንዳልቆመለት፣ ሁሉም ትተውት እንደሄዱ ይናገራል፤ ጌታ ግን አጠገቡ ቆሞ እንዳበረታው ይመሰክራል። የዛሬ ሰባኪ እዚህ ላይ ሲደርስ ስብከቱን ጨርሶ እልል ያስብላል። ጳውሎስ ግን አልጨረሰም። በዚያው ምዕራፍ ጢሞቴዎስን ቶሎ ብለህ ና ይለዋል። ማርቆስን ይዘኸው ና ይለዋል። ዴማስ ትቶት እንደሄደ፣ አብሮት ያለው ሉቃስ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ያማርራል። ጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ይለምነዋል፤ መጻሕፍቱንም። ከዚያ ደግሞ ይደግምና ከክረምት በፊት ለመምጣት ትጋ ይለዋል። ጌታ አጠገቡ የቆመለት ሰው ነው እንግዲህ ይህን የሚጽፈው። ብርድ ይሰማዋል። ሰው ይናፍቀዋል። ይህንንም መናገር ለእምነቱ ነውር አልመሰለውም።

ኤልያስንም እናንሣ፤ የእሱ ታሪክ ስለ ብቸኝነት ከተጻፉት ሁሉ ለእኔ ይበልጥብኛል። በቀርሜሎስ ተራራ ድል ያደረገ ነቢይ በማግሥቱ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ብላቴናውን ቤርሳቤህ ትቶ፣ ብቻውን በረሃ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ይለምናል። መልአኩ መጣ። ስብከት አላመጣለትም፤ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር ያመጣለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከአርባ ቀን መንገድ በኋላ ነው። ኤልያስ በኮሬብ ዋሻ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ ብሎ ሲያማርር የተሰጠው መልስ ደግሞ «እኔ እበቃሃለሁ» የሚል አልነበረም። እንደ እሱ ለበዓል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ እንዳሉ ተነገረው፤ ኤልሳዕ የሚባል ሰው እንዲፈልግም ተላከ። ከዚያ ወዲያ ነቢዩ ወደ ሰማይ እስኪወሰድ ድረስ ኤልሳዕ አልተለየውም። እግዚአብሔር ብቸኛውን ነቢይ ያጽናናው እንጀራ በማብላትና ጓደኛ በመስጠት ነው።

በገዳማዊ ሕይወት የሚከራከረኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። መነኮሳቱ ብቻቸውን አይደሉም ወይ? ዋልድባ ዘግተው የሚኖሩት አባቶች ሰው ይናፍቃቸዋል ወይ? ባሕታዊነት ሌላ ነው፤ ሰውየው መርጦ፣ ተባርኮ፣ ለሰው ሁሉ እየጸለየ የገባበት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የቀሩት እናት መርጠው አልገቡም። ደግሞም የባሕታውያኑን የራሳቸውን ታሪክ እንመልከት። የመጀመሪያው ባሕታዊ የሚባለው አባ ጳውሊ በግብፅ በረሃ ሲኖር ቁራ በየቀኑ ግማሽ እንጀራ ያመጣለት ነበር። አባ እንጦንስ ሊጎበኘው በሄደ ቀን ቁራው ሙሉ እንጀራ ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ ሸሽቶ የኖረውን አባት እግዚአብሔር ሳይሞት አንድ እንግዳ ላከለት፣ ለእንግዳውም ምሳ ጨመረ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ የካቲት 2 ስንክሳሩ ሲነበብ እንሰማዋለን፤ የጎረቤታችንን በር ግን አናንኳኳም።

ቋንቋችንም ያውቀዋል። «መጽናናት» የሚለው ቃል ከ«ጸና» የወጣ ነው። የሚጽናና ሰው ኀዘኑን የረሳ ሰው አይደለም፤ በኀዘኑ ውስጥ እግሩ መሬት የያዘለት ሰው ነው። መንፈስ ቅዱስን ጰራቅሊጦስ ስንለው በግሪክኛው ወደ ጎን የተጠራ፣ አጠገብ የሚቆም ማለታችን ነው። አጠገብ! ከሩቅ ሆኖ ምክር የሚልክ አይደለም።

እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ነገር በስብከት ብቻ አልተዉትም፤ በሥርዓት አሰሩት። የጽዋ ማኅበርን እንደ ድግስ ብቻ የሚያዩት ሰዎች አሉ፤ ነገሩ አልገባቸውም። በየወሩ በአንድ ቅዱስ ቀን ተራ በተራ በአንድ አባል ቤት ይሰበሰባል። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ሙሴው ያስተናብራል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ይተላለፋል። ይህ ማለት እጅግ ድሃዋ አባል እንኳ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ቀን ቤቷ በሰው ይሞላል ማለት ነው፤ የምትጋበዝ ብቻ ሳትሆን የምትጋብዝ ትሆናለች። የቀረ ሰው ካለ ለምን ቀረ ይባላል። ከታመመ ዳቦው ተቆርሶ ይላክለታል። ሰንበቴውም እንዲሁ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ይበላል፣ ነዳያንም አብረው ይቀምሳሉ። በዚህ ላይ የንስሐ አባት አለ። ለኀጢአት ብቻ አይደለም፤ ጠበል ሊረጭ ሲገባ የቤቱን ሁኔታ ያያል፣ ማን እንደከሳ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ እሳት የማይነድበት ምድጃ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። አገራችን የብቸኝነት ሚኒስትር ያላስፈለጋት ሚኒስትሮቹ በየሰፈሩ ስለነበሩ ነው።

ታዲያ ሰፈሩ ሲነሣ ምን ይሆናል? ከ2016 ጀምሮ ፒያሳ፣ ከዚያም ካዛንቺስ ሲፈርሱ የተነጋገርነው ስለ ካሳ፣ ስለ ቅርስ፣ ስለ አዲሱ መንገድ ውበት ነበር። የከተማው መታደስ አያስፈልግም የሚል ክርክር የለኝም፤ ሰው በጭቃ ቤት መኖሩን የሚናፍቅ ሰው በጭቃ ቤት ያልኖረ ነው። ነገር ግን የቤት ቁጥር ያለው ነገር ሁሉ ሲቆጠር፣ ቁጥር የሌላቸው ማኅበሮች ሳይቆጠሩ ቀሩ። እጣ የወጣው በሰው እንጂ በእድር አይደለም። አርባ ዓመት አብረው ጽዋ የተቀባበሉ ሴቶች አንዷ ምሥራቅ፣ አንዷ ደቡብ ደረሳቸው። ታክሲው ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀያይሮ፣ ደረጃው ተወጥቶ የሚጠጣ ጽዋ ለወጣት እንኳ ከባድ ነው። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠላ መጥመቅም፣ ድፎ መጋገርም አስቸጋሪ ነው፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራው የጋራ መጠቀሚያ ቤት በብዙ ቦታ ተከራይቷል ወይም ዕቃ ተከምሮበታል።

ይህን የመንግሥት ጥፋት ብቻ ማድረግ ቀላል ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ግን አልተከተለቻቸውም። ሰዎቹ ሲሄዱ መዝገባቸው የቀረው በድሮው አጥቢያ ነው። የድሮው አጥቢያ ምእመኑ ሳሳ ብሎ ያዝናል፣ አዲሱ አጥቢያ ማን እንደመጣ አያውቅም። የንስሐ አባቱ ልጆቹ በከተማው ዙሪያ ሁሉ ተበትነውበት በስልክ «እንዴት ናችሁ» ይላል፤ ያውም የሚደውል ከሆነ። ድምፅ ማጉያችን ሦስት ሰፈር ይሰማል። እግራችን ግን ከግቢው አልወጣም።

በር ማንኳኳትን የሚያውቀው የኦርቶዶክስ ወገን ብቻ አይደለም። ደርግ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ፣ ሕንፃዎቿን ሲወርስ፣ መሪዎቿን ሲያስር፣ አባላቱ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። መድረክ የለም፣ ዘማሪ የለም፣ ማይክ የለም። አምስትም ስድስትም እየሆኑ በየቤቱ ተደብቀው መገናኘት ብቻ ቀረላቸው። ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። ስለዚህ ዘመን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ስደቱና ስለ ድፍረቱ ነው። እኔ ደግሞ ሌላም አያለሁ፦ በአምስት ሰው ስብስብ ውስጥ የሚጠፋ ሰው የለም። አንዱ ቢቀር ወንበሩ ይታያል። ዛሬ በትልልቅ አዳራሾች በሺህ የሚቆጠር ሰው እጁን አንሥቶ ይዘምራል፤ ሲወጣ ግን በስሙ የሚጠራው የመኪና ጠባቂው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሰው በምንም መንገድ ሊደርስላቸው የማይችል ብቸኞችም አሉ፤ እነሱን መዝለል አይገባም። ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ የክርስቲያን አምልኮ በአደባባይ አይፈቀድም፣ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃም የለም። እዚያ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ከአሠሪዋ ፈቃድ ውጭ ከደጅ ላትወጣ ትችላለች፤ ስልኳ ሳይቀር ሊያዝባት ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ቤይሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ እህቶች አስፋልት ዳር ሲያድሩ በስልካችን አይተናል። ለእነሱ «ወደ ማኅበር ሂጂ» አይባልም። ታዲያ እምነታቸው ምን ይሰጣቸዋል?

ብዙ ይሰጣቸዋል፤ ከእነሱው የሰማሁትን ልናገር። አንደኛው ጊዜ ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ በዚያ ቀን እናታቸውም እንደምትጾም ያውቃሉ። የሁዳዴ መያዣ፣ የፍልሰታ መግቢያ፣ የገና ዋዜማ፤ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ከአገራቸው ጋር በአንድ ቀን ይውላሉ። በማእድ ቤቱ የሚበላ ሥጋ እያለ ዳቦና ሻይ የምትበላ ልጅ ለአሠሪዋ እንቆቅልሽ ናት፤ በልቧ ግን ያን ቀን ብቻዋን አልበላችም። ሁለተኛው ማልቀሻ ነው። ዳዊት በየዕለቱ ተከፋፍሎ የሚደገመው ለቅዱሳን ብቻ አይደለም። በ101ኛው መዝሙር ውስጥ ጣሪያ ላይ ብቻዋን እንደቀረች ወፍ ሆንሁ የሚል ሰው አለ። በ87ኛው ውስጥ ያለው ደግሞ ወዳጆቹ ሁሉ ርቀውት፣ አንድም የተስፋ ቃል ሳይጨምር፣ በጨለማ ይጨርሳል። ይህ ጸሎት ነው፤ በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። እምነት ያለው ሰው አይከፋውም የሚሉ ሰዎች ይህን መጽሐፍ አላነበቡትም። ሦስተኛው አባታችን ሆይ ራሱ ነው። ብቻዋን በተኛችበት ጠባብ ክፍል፣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ ድምፅ ሳታሰማ ስትጸልየው «አባቴ» አትልም። እንጀራውን ስትለምን ለሁላችን ትለምናለች። ጸሎቱ ብቻዋን ብትሆንም ብቻዋን እንድትጸልየው አልተሠራም።

ይሁን እንጂ በስልኳ በኩል የሚመጣባትም አለ። ብቸኛ ሰው ለሐሰተኛ ነቢይ የተመቸ ገበያ ነው፤ ይህን ደፍረን እንናገር። በየቻናሉ፣ በየቲክቶኩ «ስምሽን ጻፊ፣ ላንቺ የመጣ መልእክት አለ» የሚሉ አሉ። ለሰው የራበው ሰው ስሙን የጠራለትን ያምናል፤ ከዚያ የባንክ ቁጥር ይከተላል። የሁለት ዓመት ደመወዟን ያስረከበች አለች። ሌሎቹ ደግሞ ገንዘብ ባይወስዱም ብቸኝነቷን በራሷ ላይ ይጭኑባታል፤ እምነትሽ ቢጠነክር አይከፋሽም ነበር፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ የዘር መንፈስ ነው ይሏታል። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ነጥሎ ወስዶ አብረውት እንዲተጉ ለምኗቸዋል፤ ተኝተው ሲያገኛቸውም አዝኗል። እሱም ዓይነ ጥላ ነበረበት ሊሉን ነው?

እዚህ ላይ ሐኪም የሚያስፈልገውንም ነገር ለሐኪም እንተው። ብቸኝነት እየቆየ ወደ ድብርት ይገባል፣ ድብርት ደግሞ በሽታ ነው፤ እንቅልፍ ያጣን፣ መብል ያቆመን፣ መሞትን ያሰበን ሰው «ጸልይ» ብሎ መተው አደጋ ነው። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በይፋ መክረው ነበር፤ ለአእምሮ ሕመም የማይሠራበት ምክንያት የለም። ጎረቤቱን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል በታክሲ ይዞ የሄደ ሰው ከሰበከለት ሰው ያነሰ አላጽናናውም።

ስለ ወንዶችም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ባሏ የሞተባት ሴት ስትከፋ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ጎረቤት ታዋያለች፣ ታለቅሳለች። ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ግን ሰው የሚያውቀው በሚስቱ በኩል ነበር። ማኅበሩን የምታዘጋጀው እሷ፣ ዘመድ የምትጠይቀው እሷ፣ የንስሐ አባቱን ስልክ የያዘችው እሷ። ሰልስቱ ካለፈ፣ አርባው ከወጣ በኋላ ቤቱ ጸጥ ይላል። ነጠላውን አጣፍቶ ከቅዳሴ ኋላ የሚቆም፣ ማንንም ሳያናግር የሚወጣ ሽማግሌ በየአጥቢያው አለ። አይዞህ ሲባል «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። አባባሉ ቡራኬም ነው፣ መደበቂያም ነው። ይህን ሰው ለመድረስ ከጥያቄ ይልቅ ሥራ መስጠት ይሻላል፦ ሰንበቴው ላይ ሒሳብ ይያዝ፣ ለሕፃናቱ ፊደል ያስቆጥር፣ አብሮ ሰው ይጠይቅ።

ምን ይደረግ ለሚለው ትልቅ እቅድ የለኝም። ከተማ አስተዳደሩ ሰው ሲያነሣ ቢቻል እድርና ማኅበርን ሳይበትን ቢያነሣ፣ አረጋውያንን ምድር ቤት ቢያስቀድም መልካም ነው፤ ይህን የእድሮች ምክር ቤቶችም ሊጠይቁ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን መጠበቅ የለባትም። እያንዳንዱ አጥቢያ አንድ ደብተር ያስፈልገዋል፤ ከግንቦት ልደታ በኋላ ያልታየው ማን ነው፣ በቅርብ የመጣው ማን ነው፣ ደረጃ መውረድ ያቃተው ማን ነው የሚል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለዝማሬ ጥናት በሳምንት ሁለት ቀን ይሰበሰባሉ፤ አንዱን ቀን ሁለት ሁለት ሆነው ደረጃ ቢወጡበት ከበሮው አያዝንም። የተበተኑ ማኅበሮችም የድሮው ካልሆነ ብለው ከመቅረት በአዲሱ ብሎክ ካሉት ጋር ቢጀምሩ፤ ጠላው ቢቀር በሻይ፣ ድፎው ቢቀር ከዳቦ ቤት በተገዛ። ሙሴ የሚሆን ሰው ከየብሎኩ አይጠፋም።

ካህናቱ በዚህ ላይ የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ፤ ሰምቼዋለሁም። የአንድ አጥቢያ ካህን ደመወዝ ለቤት ኪራይ አይበቃም፤ በምን ታክሲ ነው ከከተማ ዳር እስከ ከተማ ዳር ልጆቹን የሚጎበኘው? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለእሱ መልስ መስጠት ያለበት ሰበካ ጉባኤው ነው። የሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ይሰበስባል፣ የድምፅ ማጉያ ጥገና ይከፍላል፣ ለክብረ በዓል ድንኳን ይከራያል። ለቤት ጉብኝት የሚሆን የትራንስፖርት ብር ግን በብዙ አጥቢያ በጀት ውስጥ እንደ አርእስት እንኳ አይገኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ይህ አርእስት ይጨመር የሚል አንድ አባል ከየአጥቢያው አይጠፋም፤ ከእናንተም ከአንባቢዎቼ መካከል የሰበካ ጉባኤ አባላት እንዳላችሁ አውቃለሁ።